ክንፍ የሌላት ዝንብ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁም። በደርግ ዘመን ጎባ ከሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ጎልቶ የሚታወሰኝ አንድን ሰው በሙሉ አዳራሽ ፊት ላብ በላብ ያደረግኩበት ቀን ነው። ያን ቀን እያስታወስኩ ለብቻዬ የሳቅኩባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። ቂም አልይዝም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አላምነውም፤ የሚያዝ ቂም ስላላገኘ ነው እላለሁ።

በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ከመርፌውና ከመድኃኒት ሣጥኑ ጋር አንድ ካሜራ ተረክቤ ነበር፤ ከሶቪየት አገር የመጣ፣ አንገት የሚያጎብጥ ጥቁር ካሜራ። ክትባቱን፣ የችግኝ ተከላውን፣ ስብሰባውን ሁሉ የማነሳው እኔ ነኝ። ከሁሉ በላይ የማነሳው ግን ኃላፊያችንን ነበር። ኃላፊያችን ውጭ አገር ጥቂት ወራት ሠልጥኖ የመጣ፣ ያለ «ሳይንሳዊ» አንድ ዓረፍተ ነገር የማይጨርስ ሰው ነው። ፎቶ ሲነሳ እጁን ዘርግቶ ወደ አንድ ነገር መጠቆም ይወዳል። የሚጠቆም ነገር ከጠፋ ወደ ተራራው ይጠቁማል።

አንድ ዓመት ዘመናዊ የሣጥን ቀፎዎች መጡልን። በመኪና ጭነን፣ የሳነቴን አምባ አቋርጠን፣ በጉም ውስጥ ቁልቁል ወርደን ሪራ መንደር አደረስናቸው። መንደሩ ባለበት በሃረና ጫካ ቀፎ የሚሰቀለው ዛፍ ላይ ነው፤ ግንድ ተቦርቡሮ፣ በገመድ ተጎትቶ፣ ሰው ቀና ብሎ ሲያየው አንገቱ እስኪያመው ድረስ ከፍ ይላል። ለሣጥኖቹ የሚሆን ንብ ከራሳቸው የዛፍ ቀፎ አውጥተው የሰጡን አንድ የሪራ ሽማግሌ ነበሩ። ማንም ሳያስገድዳቸው ነው የሰጡን፤ እኔ ስለጠየቅኳቸው።

እኚህ ሽማግሌ የጡት አባቴ ናቸው። አባቴ ጎባ ጸሐፊ ነበር፤ ቅድመ አያቶቹ ከሰሜን መጥተው የሰፈሩ። ከእኔ በፊት የተወለዱት ሁለቱ ልጆች አልበረከቱለትም። እኔ ስወለድ፣ በአገሩ ወግ፣ ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ማር ቀብተው አጠቡኝና ልጃቸው ሆንኩ። እኛ ክርስቲያን፣ እርሳቸው እስላም፤ ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በልጅነቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ እርሳቸው እወርድ ነበር፤ «አባ» ነው የምላቸው። ኃላፊው ግን ይህን አያውቅም። በዚያን ጊዜ ሰው የዘመዶቹን ስም ዝርዝር ማሳጠር እንጂ ማስረዘም አይወድም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ከሁለት ወር በኋላ ቀፎዎቹን ለማየት ስንሄድ የመጀመሪያውን ሣጥን ክዳን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ንቦቹ ደህና ናቸው፤ ማሩም እየተከደነ ነው። ነገር ግን አንዳንዷ ንብ ጀርባ ላይ አንድ ቀይ ነጥብ አለ፤ መጠኑ ከቀይ ጤፍ ትንሽ ከፍ ይላል። ነጥቡ ይሄዳል። አውራዋ ላይማ አምስት ስድስቱ ተሳፍረዋል።

«ቅማል!» አለ ኃላፊው፤ ወደ ኋላ ዘሎ ሱሪውን እያራገፈ። «ቅማል ከቆሻሻ ነው የሚመጣው። በጭስ በጠቆረ ግንድ ውስጥ ያደገ ንብ ቅማል ባይኖርበት ነበር የሚገርመኝ።»

አባ አጠገባችን ቆመው ነበር። «ኢንጅራን አይደለም፣ ጓድ» አሉት። ኢንጅራን በኦሮምኛ ቅማል ነው። «እቺ ነገር ድሮም አለች። ወላሂ፣ በደህና ቀፎ ላይ ነው የምትገኘው። ደካማ ቀፎ ላይ ምን ትበላለች?»

በአማርኛ ነው የተናገሩት። ኃላፊው ግን ወደ እኔ ዞሮ «ምንድን ነው የሚለው?» አለኝ። ደግሜ ነገርኩት። «ቅማሉን ለምዶት ነው» አለና ሳቀ። ያቺ ሳቅ ናት መጀመሪያ የወጋችኝ። ከዚያ ፎቶ አንሳ አለኝ። የካሜራውን መነጽር ፈትቶ፣ ገልብጦ በእጅ ይዞ ማንሳት ትንሹን ነገር እንደሚያጎላ የጎባው ፎቶ ቤት ባለቤት አስተምሮኝ ስለነበር፣ ትንፋሼን ይዤ በንቦቹ ላይ ተደፍቼ አነሳሁ። አውራዋንም፣ የተከደነውን የማር እንጀራም አነሳሁ።

ኃላፊው ለቅማል መድኃኒት አላጣም። መጋዘናችን ውስጥ ዲዲቲ በጆንያ ነበር። በዚያን ዘመን የታሳሪውም የምልምል ወታደሩም ራስና ልብስ የሚነፋው በዚሁ ነጭ ዱቄት ነው። «የሰው ቅማል ከገደለ የንብ ቅማል የማይገድልበት ሳይንሳዊ ምክንያት የለም» አለ። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ዲዲቲ ንብን ምን እንደሚያደርጋት አውቃለሁ። «ጓድ ኃላፊ፣ ንቧም እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ተውኩት። ዱቄቱን በየሣጥኑ የነፋሁት በገዛ እጄ ነው። አባ ከዛፍ ሥር ቆመው ያዩኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ከየሣጥኑ በር ሥር የሞተ ንብ ተከምሯል፤ ክንፋቸው ላይ ነጩ ዱቄት ገና አልተራገፈም። ኃላፊው ትንሽ ደነገጠ። ድንጋጤው ግን ቶሎ ለቀቀው። «ለጉዳት ሪፖርት አንሳው» አለኝ፤ አነሳሁ። ሪፖርቱን ማታውኑ ጻፈ፦ ሽማግሌው የመንግሥትን የልማት ሥራ ለማሰናከል ሆን ብለው ቅማል ያለበት ንብ አቀብለዋል፤ የኢኮኖሚ አሻጥር ፈጽመዋል። አሻጥር የሚለው ቃል ያኔ ቀላል ቃል አልነበረም።

የአባን የዛፍ ቀፎዎች የሚያወርዱት ጎረቤቶቻቸው እንዲሆኑ ታዘዘ። ቀፎዎቹ ዐሥራ አራት ናቸው። ሰዎቹ እንደ ማር ቆረጣ ቀን ዛፉን በገመድ ወጡ፣ ቀፎውን እንዳይሰበር ቀስ አድርገው አወረዱ፣ ሣሩ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡት፤ ከዚያ አቃጠሉት። ልማድ ሆኖባቸው ነው፤ ለሚቃጠል ነገር እንዴት እንደሚቸኩሉ አላወቁም። ኃላፊው ወደ እሳቱ እየጠቆመ ፎቶ አስነሳኝ። አባን በመጣንበት መኪና ጭነን ወደ ጎባ ስንመለስ ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ሳነቴ ላይ ብርዱ ሲጠና ቡልኳቸውን ከፍተው ግማሹን እኔ ላይ ጣሉብኝ። ኃላፊው ከፊት ሆኖ እንዳያይ ፈርቼ መለስኩላቸው።

ጎባ ውስጥ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ለታሳሪ ተሰጥቶ ነበር፤ አባንም እዚያ አስገቧቸው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ በበሩ ሥር ንፋስ ይገባል። ሴት ልጃቸው በሳምንት አንድ ቀን በሚያልፍ የጭነት መኪና ከሪራ እየመጣች ምግብ ታቀብላቸዋለች። ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤ እንደ እህቴ ነበረች። በመንገድ ስንተላለፍ ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ ከዚያ በላይ አትናገረኝም።

ያኔ ነው በልቤ የማልኩት። ይህን ሰውዬ የሚጠቁምበትን ጣት አስነክሰዋለሁ አልኩ። ኃላፊው የታተሙትን ፎቶዎች ወስዶ ከሪፖርቱ ጋር አያይዟቸዋል፤ ነጋቲቩ ግን እኔ ዘንድ ነው። ነጋቲቭ ደግሞ ተራ ቁጥር አለው፤ ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ አይዋሽም። በቁጥር ሰባት ንቧ ቀይ ነጥቧን ተሸክማ ደህና ትሄዳለች። በቁጥር ሃያ አንድ ነጭ ዱቄት ለብሳ ሞታለች።

ፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል ገብተን ቁጥር ሰባትን የወረቀቱን ያህል አሳደግናት። እግሯን ቆጠርኩ፤ ስድስት። መዥገር ብትሆን ስምንት ይሆን ነበር። ፀጉራም ናት፤ የእግሯ ጫፍ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው፤ በዚያ ነው የንቧን ጠጉር ጨብጣ የማትወድቀው። ክንፍ የላትም። ይህን ሁሉ ጽፌ፣ ፎቶዎቹን ጨምሬ፣ አዲስ አበባ ለነበሩት የቀድሞ የነፍሳት አስተማሪዬ በፖስታ ላክሁ። መልሱ እንዲመጣ የሰጠሁት የመሥሪያ ቤታችንን አድራሻ ነው፤ ሌላ አድራሻ አልነበረኝም።

መልሳቸው አጭር ነበር። «ስድስት እግር ቅማልም አላት፣ ዝንብም አላት። አትቸኩል። የቅማል ልጅ ቁርጥ እናቷን ነው የምትመስለው፤ የዝንብ ልጅ ግን ትል ነው። ልጇን አሳየኝ።»

ከየት አባቴ ላምጣው? ቀፎው ተቃጥሏል፣ ሣጥኖቹ ታጥበው መጋዘን ገብተዋል። ነጋቲቮቹን አንድ በአንድ በብርሃን እያየሁ ሁለት ቀን ቆየሁ። በመጨረሻ የማር እንጀራውን፣ ቁጥር ዐሥራ አንድን፣ አሳድግልኝ አልኩት የፎቶ ቤቱን ባለቤት። ፎቶው መድኃኒቱ ውስጥ እየወጣ ሲመጣ ሰውዬው ከንፈሩን መጠጠ። በነጩ የሰም ክዳን ላይ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ፤ እንደ ክር ይጠማዘዛሉ። «ይቅርታ፣ ነጋቲቭህ ተጭሯል። በእርሳስ ላጥፋልህ?» አለኝ፤ የሙሽሮችን ፊት እያለሰለሰ የሚያድር ሰው ነው። እጁን ያዝኩት። ጭረት ከክዳን ወደ ክዳን ይዘላል፤ ይሄ ግን በእያንዳንዱ ክዳን ሥር እየተሹለከለከ ነው የሄደው። ትል የቆፈረው መንገድ ነው። ጨለማው ክፍል ውስጥ ጮህኩ መሰለኝ።

ሁለተኛው መልስ ኅዳር ውስጥ መጣ። በጽሕፈት መኪና የተመታ ሁለት ገጽ፣ ከሥሩ የአስተማሪዬ ፊርማ። ዝንብ ናት ይላል። ክንፏን የጣለች፣ ዕድሜዋን በንብ ላይ የምትጨርስ ዝንብ። ሲርባት ወደ ንቧ አፍ ትወርዳለች፣ ከንፈሯን በእግሯ ትኮረኩራለች፣ ንቧ ጠብታ ስታወጣ ትበላለች። አውራዋን የምትመርጠው አውራዋ ከሁሉ የተሻለ ስለምትቀለብ ነው። ደም አትመጥም፣ ከቆሻሻ አትመጣም፣ ቀፎ አትጨርስም። በፎቶ ቁጥር ሃያ አንድ ላይ የሚታዩትን ንቦች የገደለው ዱቄቱ ነው።

ደብዳቤውን የሰጠችኝ የመዝገብ ቤቷ ሴት ናት። እንደ ደንቡ የገቢ ማኅተሟንና ቀኑን መትታበት፣ በስሜ ስለመጣ ወደ ኃላፊው ሳታሳልፍ እኔን ጠራችኝ። አንብባዋለች፤ እሷ የማታነበው ወረቀት የለም።

«ዛሬውኑ አስገባለት» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሲያየው ይደነግጣል። ጉዱ እንዳይወጣ ብሎ ሽማግሌውን በአንዲት ፊርማ ነገ ያስፈታቸዋል።»

ልክ ነበረች። እንደሚያደርገው እኔም አውቃለሁ። ፈርሞ ያስፈታቸውና ማግስቱን እንደገና ወደ ተራራ ይጠቁማል። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳይስቅበት።

«ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሮቤ ስብሰባ አለ» አልኳት። «ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። ያኔ ነው የማወጣው።»

«ስድስት ሳምንት! ሽማግሌው እኮ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ናቸው።»

«ብሰጠው ቀዶ ይጥለዋል» አልኳት። ሊቀደው ይችል ነበር፤ ግን ግልባጭ ማስመታት እችል ነበር፣ እሷም ታውቃለች። እኔ የፈለግኩት ፊቱን ማየት ነው። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ያቺ ሴት ሻይ ልጋብዝሽ ስላት እምቢ ትለኝ ጀመር።

በመካከሉ አንድ ቀን ብርድ ልብስ ይዤ አባን ላያቸው ሄድኩ። የጎባ ውርጭ ገና መውረዱ ነበር። ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አልተነሱልኝም፤ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ ላይ አብጧል።

«አካም፣ አባ? እንዴት ነዎት? እግርዎን ምን ሆኑ?»

«አልሐምዱሊላህ፤ ብርድ ነው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። ጠዋት ጠዋት እምቢ ይለኛል።»

«ትንሽ ነው የቀረዎት። ጉዳይዎን እኔ ይዤልዎታለሁ።»

«አንተ ካልክ» አሉኝ። ደብዳቤው ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሮቤ ለሚደረገው ስብሰባ ኃላፊው ፎቶዎቹን በትልቁ አሳትሜ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እንድደረድር አዘዘኝ። «አሻጥርን በሳይንሳዊ ዘዴ ማጋለጥ» የሚል ርዕስ በቀይ ቀለም አጻፈ። እኔ በደስታ ደረደርኩ፤ እሱ ያላዘዛቸውንም ጨምሬ፣ በነጋቲቩ ተራ ቁጥር። ንግግሩን እየሸመደደ ስለነበር ግድግዳውን አላየም።

አንድ ሰዓት ያህል ተናገረ። ጠቆመ፣ ተጨበጨበለት። ጥያቄ ካለ ሲባል እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ኃላፊ፣ የቅማል ልጅ ምን ትመስላለች?»

«ቅማል ነዋ የምትመስለው!» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

«ትል አትሆንም?»

«የምን ትል?»

«እንግዲያው እዚህ የማር እንጀራ ክዳን ሥር ያለፈው ምንድን ነው?»

ወደ ፎቶው ሄደ፣ ጣቱን መስመሮቹ ላይ አሳረፈ። «ጭረት ነው። የፎቶው ጥራት ጉድለት ነው» አለ። ከእንግዶቹ መካከል አንድ መነጽራም ሰው ተነሥተው ቀረብ አሉና ብዙ ካዩት በኋላ «ጭረት አይደለም፣ ጓድ። ትል ነው» አሉ። የምፈልገው ይኼ ነበር። ደብዳቤውን አውጥቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ከንቧ አፍ እየነጠቀች የምትበላው ዝንብ ጋ ስደርስ ከኋላ ከገሰራ ወረዳ የመጣ አንድ ገበሬ «እሷንማ ድሮ እናውቃታለን!» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ብዙ ሰው ገበሬው ስለ ዝንብ ብቻ እንዳልተናገረ ገብቶት፣ ወደ ኃላፊው ሳይሆን ወደ መሬት እያየ ነበር የሚስቀው።

አላበቃሁም። ወደ ቁጥር ሃያ አንድ ሄጄ እኔም በተራዬ ጠቆምኩ። «ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው፣ ጓድ?»

ላቡ ከግንባሩ ወደ አንገቱ ሲወርድ ይታየኛል። ደግሜ ጠየቅኩት።

«ዲዲቲ» አለ።

«አልተሰማም።»

«ዲዲቲ!» ብሎ ጮኸ። «የነፋኸው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«በማን ትእዛዝ?» አልኩት። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ያቺን ጸጥታ ከዘፈን የበለጠ ወደድኳት። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ያን ፊት ጠግቤ አየሁት። በሳምንቱ ሂስና ግለ ሂስ ተካሂዶበት፣ ከኃላፊነቱ ወርዶ ቆላ ወዳለ አንድ ጣቢያ ተላከ። እቃውን ሲጭን በመስኮት ቆሜ ተመለከትኩት፤ አላዘንኩለትም። ዛሬም አላዝንለትም።

አባ ከስብሰባው በኋላ በሦስተኛው ቀን ተፈቱ። ሁለት ሰው ደግፎ ነው መኪና ላይ ያወጣቸው። ሪራ ስንደርስ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጠበቀን፤ ልጃቸው ወተት አቀረበች፤ እኔም ወሬውን ጀመርኩ። የኃላፊውን ድምፅ እያስመሰልኩ፣ ላቡን በእጄ እያሳየሁ ተረክሁት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አባም ፈገግ አሉ። «እኔ እኮ ነግሬው ነበር፣ በደህና ቀፎ ላይ ነው የምትገኘው ብዬ» አሉ። ደብዳቤውን ከንቧ ፎቶ ጋር አውጥቼ እንደ ሜዳልያ ከእጅ ወደ እጅ አስተላለፍኩት። ማንበብ የሚችል ስለሌለ ፎቶውን እያዩ ይመልሱልኝ ነበር።

ሰው ሲበተን ልጃቸው ደብዳቤውን አነሳችው። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ መማሯን አላውቅም ነበር። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆየች። ፊርማውን አልፋ ከጥጉ ያለው ሐምራዊ ማኅተም ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ገቢ ሆኗል» ብላ አነበበች። ከዚያ ቀኑን። ከዚያ ወሩን። «ኅዳር።»

ደብዳቤውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልለቀቀችውም።

«ኅዳር ላይ አባ በእግሩ እስከ በሩ መጥቶ ነበር ምግቡን የሚቀበለኝ» አለችኝ። «ይህ ወረቀት ከመጣ በኋላ ነው መነሣት ያቃተው።»

አባ ከመደባቸው ላይ ሆነው «ማል ጄዳ?» አሉ፤ ምን ይላል ማለታቸው ነው። ልጃቸው ደብዳቤውን አጥፋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ አልነግረውም» አለች። «በአዳራሽ እንደተናገርከው፣ ተነሥተህ አንተ ንገረው።»

ነገርኳቸው። ስድስት ሳምንት ይዤው እንደቆየሁ፣ ለምን እንደያዝኩት፣ የመዝገብ ቤቷ ሴት ያለችኝን ጭምር። አላቋረጡኝም። ስጨርስ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አሻሹ።

«ፊቱን ግን አየኸው?» አሉኝ።

«አየሁት፣ አባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የዙሁር ሶላት ደርሶ ነበርና ለመነሣት ግድግዳውን ያዙ። ዘልዬ ክንዴን ሰጠኋቸው። አላዩትም፤ ወይም እንዳላዩት ሆኑ፤ የልጃቸውን ትከሻ ይዘው እየተጎተቱ ወጡ።